የበጎ ፈቃድ የቦርድ አባልነት በአገር በቀል በጎ አድራጎት ድርጅት፦ ወንበሩ ሲመዘን

«ስምህን ብቻ አስገባልን፤ ሥራ የለውም፣ በዓመት ሁለት ሦስቴ ተሰብስቦ ሻይ መጠጣት ነው።» የቦርድ አባልነት ግብዣ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በዚህ ቃል ነው። ከለቅሶ ቤት ወይም ከሠርግ መልስ፣ በቅርብ ወዳጅ ወይም በቀድሞ የሥራ ባልደረባ በኩል፣ እምቢ ማለት በሚያሳፍር ሰዓት። እንደማንኛውም አገልግሎት ከተገመገመ ግን ማስታወቂያውና ዕቃው አይገናኙም። ወንበሩ ደመወዝ የለውም፤ ፊርማውን ግን ባንክ ያውቀዋል፣ ድርጅቶቹን የሚመዘግበው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ያውቀዋል፣ ነገር ሲበላሽ ደግሞ ዐቃቤ ሕግም ይጠይቅበታል።

ውጤቱን ከወዲሁ ለሚፈልግ፦ የሒሳብ ወረቀቱን ሳይለመን በሚያሳይ ድርጅት ውስጥ ይህ ወንበር ከአምስት አራት ኮከብ ይገባዋል። አንዷ የተቀነሰችው በሚበላው ሰዓት ነው። ወረቀቱን «ቆይ እንልክልሃለን» እያለ በሚያቆይ ድርጅት ውስጥ ግን አንድ ብቻ፤ እሷም ለሻዩ።

የምንመዝነው በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበውን፣ «በቦርድ የሚመራ ድርጅት» የሚባለውን ዓይነት ነው። ይህን ድርጅት ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ መሥራቾች ያቋቁሙታል፤ የበላይ አካሉ ጠቅላላ ጉባኤ ሳይሆን ራሱ ቦርዱ ነው። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ማኅበር ውስጥ አመራሩ ቢያጠፋ አባላቱ በጉባኤ ይጠይቁታል። በቦርድ በሚመራ ድርጅት ውስጥ ግን ከቦርዱ በላይ ሆኖ የሚጠይቅ የውስጥ ሰው የለም። ሥራ አስኪያጁን የሚሾመውና የሚያነሳው፣ በጀት የሚያጸድቀው፣ የውጭ ኦዲተር የሚመርጠው ቦርዱ ነው። «እኔ አማካሪ መስሎኝ ነበር» የሚል የቦርድ አባል ደንቡን አላነበበም ማለት ነው።

ቁጥሩ ከአምስት እስከ አሥራ ሦስት ነው። በእኛ ግምት ሰባት ይበቃል። አምስት ከሆነ ምልዓተ ጉባኤው ሦስት ይሆናል፤ ሁለቱ ውጭ አገር ከሄዱና አንዱ ከታመመ የባንክ ፈራሚ እንኳ መቀየር አይቻልም። አሥራ ሦስት ሲሆን ደግሞ ሁሉም ሌላው ያነበበ እየመሰለው ማንም አያነብም። ከሰባቱ አንዱ ሒሳብ የሚያውቅ፣ አንዱ ሕግ የሚያውቅ፣ ቢያንስ አንዱ ድርጅቱ የሚሠራበትን ሰፈር ወይም ወረዳ በእግሩ የሚያውቅ ቢሆን መልካም ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ከዶክተርና ከኢንጂነር የተሠራ ቦርድ ስለሞላ።

የመጀመሪያው ችግር የሚመነጨው ከጥሩ ነገር ነው፦ ከእድር። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ስለጋራ ገንዘብ የተማረው እድር ውስጥ ነው። ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፤ ድንኳኑና ድስቱ በየቤቱ ይታወቃል፤ የጎደለ ነገር ካለ እሑድ ጠዋት በአደባባይ ይጠየቃል። ያ ሥርዓት የሚሠራው ከፋዩም ተጠቃሚውም አንድ ሰው ስለሆነ ነው። በጎ አድራጎት ድርጅት ላይ ግን ከፋዩ ሌላ ነው፣ ተጠቃሚው ሌላ፣ ወሳኙም ሌላ። ሰጪው ሩቅ ነው፤ ተቀባዩ ደግሞ ነገ እንዳይቀርበት ስለሚፈራ ዝም ይላል። ስለዚህ በእድር «እንተማመናለን» ተብሎ የሚታለፈው ነገር ሁሉ እዚህ ወረቀት ይፈልጋል።

ሕጉም ሁለቱን ለይቷቸዋል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 «ሕዝባዊ ድርጅት» ሲል የሚተረጉመው ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ፣ ወይም ለሕዝብ ጥቅም ተብሎ የተሰበሰበ ገንዘብና ንብረት የሚያስተዳድርን የግል ዘርፍ አካል ነው። እድርንና መሰሎቹን ከትርጉሙ አውጥቷቸዋል። በጎ አድራጎት ድርጅትን ግን አላወጣም። ለወንድም ልጅ ያለ ውድድር የተሰጠ የጥገና ሥራ በእድር ቢሆን ሐሜት ነው፤ በቦርድ ወንበር ላይ ሲሆን የወንጀል ፋይል ሊከፍት ይችላል። ይህን ለአዲስ ተጋባዥ አስቀድሞ የሚነግር ቦርድ ብዙ የለም፤ ቢነገረው ኖሮ ግማሹ ወረቀቱን ለማንበብ ጊዜ ያገኝ ነበር።

ገንዘቡ ላይ ቆም እንበል፤ የወንበሩ ሥራ እዚያ ነውና።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጁ ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ጊዜ 30 በመቶ ነበር፤ ብዙ ሰው አሁንም «ሰባ ሠላሳ» እያለ የሚያወራው ከዚያ የቀረ ልማድ ነው። በቁጥር እንየው። በዓመት 3 ሚሊዮን ብር የሚያገኝ ድርጅት ለአስተዳደር የሚፈቀድለት 600 ሺህ ብር፣ በወር 50 ሺህ ብር ነው። ከዚያ ላይ የቢሮ ኪራይ፣ የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኛ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ መብራት፣ ስልክና ወረቀት ሲቀነስ ለሥራ አስኪያጁ ደመወዝ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ፈተናው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፦ የአስተዳደር ደመወዙ «የፕሮጀክት አስተባባሪ» በሚል ስም ወደ ፕሮግራም ወጪ ይገፋል። አንዳንዴ እውነት ነው፤ ሰውየው የሳምንቱን ሦስት ቀን መስክ ላይ ያሳልፋል። እውነት ከሆነ የሰዓት መመዝገቢያና የመስክ ሪፖርት ይኖራል። እነዚህ ከሌሉ ቦርዱ ያጸደቀው በጀት ሳይሆን የስም ለውጥ ነው።

ለስብሰባ የሚላከው ጥራዝ ምን እንደያዘ ይመልከቱ። ባለ አርባ ገጽ የሥራ ሪፖርት፣ ሕፃናት ደብተር ይዘው የሚስቁበት ፎቶ ያለው፣ ከጀርባው አንድ ገጽ ሒሳብ ከሆነ ሚዛኑ ተገልብጧል። የሚያስፈልገው አጭር ነው። የታቀደውና የወጣው ወጪ በፕሮጀክት ተለይቶ ጎን ለጎን የተቀመጠበት ሠንጠረዥ ይኑር። ከባንክ መግለጫ ጋር የተያያዘ የወሩ የባንክ ማስታረቂያ፣ ማለትም የድርጅቱ መዝገብና የባንኩ ቁጥር መገጣጠማቸውን የሚያሳይ ወረቀት ይኑር። ሦስተኛው፣ ብዙ ቦርድ የማይጠይቀው፣ ያልተወራረደ ቅድሚያ ክፍያ ዝርዝር ነው፦ ማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ። ለመስክ ሥራ የወሰደውን ገንዘብ በሠላሳ ቀን ውስጥ በደረሰኝ ያላወራረደ ሠራተኛ ሁለተኛ ዙር ሊሰጠው አይገባም። የጉድለት ታሪክ ሲፈተሽ መነሻው በአንድ ቀን የጠፋ ትልቅ ገንዘብ ሳይሆን ለስድስትና ለስምንት ወር ሳይወራረድ እየተደራረበ የሄደ ትንሽ ትንሽ ቅድሚያ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። ዝርዝሩ ላይ የሥራ አስኪያጁ ስም ካለ ደግሞ እሱን የሚጠይቅ ከቦርዱ ሌላ ማንም የለም።

የግዢ ፋይል አንዱን በዘፈቀደ ማስመጣት ይቻላል፤ ከአሥር ደቂቃ በላይ አይወስድም። ሦስት ፕሮፎርማ ይኖራል። ሦስቱም በአንድ ቀን ተጽፈው፣ አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት ተጋርተው፣ ዋጋቸው በእኩል ልዩነት ደረጃ በደረጃ ከወረደ ከአንድ እጅ የወጡ ናቸው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራቸውንና ስልካቸውን አይቶ ለአንዱ ሱቅ መደወል ይበቃል። «ፕሮፎርማ ሰጥታችሁ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ከብዙ ሥልጠና ይበልጣል።

በአንድ ስም የተገኘ ገንዘብን ለሌላ ሥራ ማዋልም እንዲሁ። ለውኃ ጉድጓድ የተላከ ብር ባንክ ተኝቶ እያለ የተማሪዎች ምገባ ሲቋረጥ «እናበድር፣ ሲመጣ እንመልሳለን» ማለት የተለመደ ነው። ሁለተኛው ገንዘብ ካልመጣስ? ጉድጓዱ አልተቆፈረም፣ ምገባውም አልቋል፣ ሰጪው ሪፖርት ይጠይቃል። የሰጪው የጽሑፍ ፈቃድ ሳይያዝ እንዲህ ያለ ዝውውር በቃለ ጉባኤ መጽደቅ የለበትም። ከጸደቀም የተቃወመው አባል ተቃውሞው በስሙ እንዲጻፍለት ይጠይቅ። ይህን ማድረግ ሰውን መድፈር አይደለም፤ ከቃለ ጉባኤ ጥቅሞች አንዱ እንዲያውም ይኸው ነው።

ከሁሉም ይልቅ ሳይታይ የሚያድገው ግን የጡረታ መዋጮና የሥራ ግብር ነው። አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ፣ በድምሩ የደመወዙ 18 በመቶ በየወሩ መግባት አለበት። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘገየው እሱ ነው፤ ምክንያቱም ማንም በር አያንኳኳም። የወር ደመወዙ 80 ሺህ ብር የሆነ ድርጅት የጡረታው ብቻ 14,400 ብር ነው። አሥራ ስምንት ወር ቢዘገይ 259,200 ብር፤ ቅጣትና ወለዱ ገና አልተጨመረም። በዚያ ላይ 7 በመቶው ከሠራተኛው ደመወዝ ላይ የተቆረጠ፣ የድርጅቱ ያልሆነ ገንዘብ ነው። በየስብሰባው «የባለፈው ወር የጡረታና የግብር ደረሰኝ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል።

የጊዜ ሰሌዳው ላይ ቅሬታ አለን። ዓመታዊ የሥራ ሪፖርትና በውጭ ኦዲተር የተመረመረ ሒሳብ በጀት ዓመቱ ካለቀ በሦስት ወር ውስጥ ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን መድረስ አለበት። ሰኔ 30 የሚዘጋ ድርጅት የመጨረሻ ቀኑ መስከረም ማብቂያ ላይ ይወድቃል፦ ክረምት፣ ጳጉሜን፣ እንቁጣጣሽ፣ መስቀል። በዚያ ወቅት ሁሉም ድርጅት የሚፈልገው ያንኑ ኦዲተር ነው። ግንቦት ላይ ያልተቀጠረ ኦዲተር መስከረም ላይ አይገኝም፤ ቢገኝም ዋጋው ሌላ ነው። ኦዲተሩን ሥራ አስኪያጁ መርጦ ለቦርዱ «ለማጽደቅ ብቻ» እንዳያቀርብ። ምርመራው ሲያልቅም ሥራ አስኪያጁ ከክፍሉ ወጥቶ ቦርዱ ከኦዲተሩ ጋር ሠላሳ ደቂቃ ለብቻው ይቀመጥ። ነቀፌታ የሌለበት አስተያየት መገኘቱ ደስ ይላል፤ ዋናው ቁም ነገር ግን ከሪፖርቱ ጋር በተለየ ደብዳቤ በሚመጣው የድክመቶች ዝርዝር ውስጥ ነው። ያ ደብዳቤ ቦርዱ ጋ ሳይደርስ መሳቢያ ውስጥ የሚቀርባቸው ድርጅቶች አሉ። በስሙ ጠርተው ይጠይቁት።

ስለ ፊርማ። የቦርድ አባል የዕለት ተዕለት ቼክ ፈራሚ ባይሆን ይመረጣል፤ የሚቆጣጠረው ሰው ራሱ ከፋይ ሲሆን ማን ማንን እንደሚጠይቅ ይጠፋል። ግድ ከሆነ በጣምራ ፊርማ ይሁን፣ ከተወሰነ መጠን በላይ ለሆነ ክፍያ ብቻ። ወደ ውጭ ለመሄድ የተዘጋጀ ሰብሳቢ «ሥራ እንዳይቆም» ብሎ ባዶ ቼክ ፈርሞ መተው በደግነት የሚሠራ ከባድ ስህተት ነው። በቂ ስንቅ የሌለው፣ ማለትም በሒሳቡ ውስጥ የሚከፈል ገንዘብ የሌለው ቼክ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 የሚያስጠይቅ ሲሆን፣ ባንኩ የሚያየው ፊርማውን እንጂ ፈራሚው የት አገር እንደነበረ አይደለም። መዋጮ በመሥራቹ የግል የባንክ ሒሳብ ወይም በግል የቴሌብር ቁጥር መሰብሰብም ያው ነው። «ለጊዜው ነው» ይባላል፤ ጊዜው ግን አያልቅም። የመኪናው ሊብሬ በማን ስም እንደሆነም አብረው ይጠይቁ።

ቃለ ጉባኤ ላይ የሚበላሸው ነገር አስቂኝ ነው፤ እስኪመላለሱበት ድረስ። የፈራሚ ለውጥ ለማድረግ ባንኩና ባለሥልጣኑ የሚያዩት ያንን ወረቀት ነው። ቀኑ፣ ቦታው፣ የተገኙና ያልተገኙ አባላት ሙሉ ስም፣ አጀንዳው፣ ውሳኔው፣ የወረደውና የተተካው ፈራሚ ሙሉ ስም ከነአያት፣ የባንኩ ቅርንጫፍና የሒሳብ ቁጥሩ፣ የሁሉም ፊርማ በየገጹ፣ ማኅተም። ከዚህ አንዱ ሲጎድል ተመለሱ ይባላል። አባላቱ ተበታትነው ከሆነ ለአንድ የጎደለ የአያት ስም ሦስት ሳምንት ይሄዳል፤ እስከዚያ ደመወዝ ቆሞ ይጠብቃል።

ሥራ አስኪያጅ ማሰናበት ከተፈለገ ስሜት ሳይሆን ሕግ ይቅደም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም፤ ጉዳዩ የሚታየው በፍትሐ ብሔር ሕጉና በውሉ ነው። ስለዚህ ውሉ ሲፈረም የማስጠንቀቂያ ጊዜውና የማሰናበቻ ምክንያቶቹ በግልጽ ካልተጻፉ፣ ኋላ ላይ በፍርድ ቤት የሚከፈለው ገንዘብ ከምገባው በጀት ነው የሚወጣው። በመጀመሪያው ቀን መወሰድ ያለባቸው ነገሮችም አሉ፦ ማኅተሙ፣ የቼክ ደብተሩ፣ ደረሰኝ ጥራዞቹ፣ የኢሜይልና የማኅበራዊ ገጽ የይለፍ ቃሎች። ማኅተም ይዞ ቤቱ የገባ የቀድሞ ሥራ አስኪያጅ ድርጅቱን ለወራት ሊያቆመው ይችላል።

ሰዓቱን ደግሞ እንቁጠር። በዓመት አራት መደበኛ ስብሰባ፣ እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት ከሁለት ሰዓት ንባብ ጋር፦ 20 ሰዓት። ሁለት ቀን የመስክ ጉብኝት፦ 16 ሰዓት ያህል። ከኦዲተሩ ጋርና ለድንገተኛ ስብሰባ ሌላ 8 ሰዓት። በድምሩ 44 ሰዓት አካባቢ፤ ለሰብሳቢው ሁለት እጥፍ፣ ሥራ አስኪያጅ በሚቀየርበት ዓመት ደግሞ መቁጠሩንም ይተዉት። ትርፉስ? የመስክ ጉብኝቱ። ከሪፖርቱ ላይ ሦስት ተጠቃሚ መርጦ፣ ሳይነገራቸው ሄዶ፣ ምን እንዳገኙና መቼ እንዳገኙ መጠየቅ። ወረቀቱና ሰዎቹ ሲገጣጠሙ የሚገኘው ደስታ የሚተካ አይደለም፤ አራቱን ኮከብ ያስገኘውም እሱ ነው። የተጠቃሚ ምርጫ ዝርዝሩ በቀበሌ ወይም በትምህርት ቤት በግልጽ የተለጠፈ መሆኑንም እግረ መንገድ ማየት ይቻላል።

ገንዘቡ ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ ጉዳዩ ሁለት ወንበር አለው። ብዙ የዳያስፖራ በጎ አድራጎት በዋሽንግተን ዙሪያ፣ በሚኒሶታ ወይም በሲያትል የ501(ሐ)(3) ድርጅት፣ ማለትም በአሜሪካ ሕግ ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት ድርጅት አለው፤ አገር ቤት ደግሞ እህት ድርጅት። እዚያ ያለው ቦርድ ገንዘቡን በማን እንደሚያሠራ ራሱ መወሰንና መከታተል አለበት፤ ከሰጪ ተቀብሎ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ቧንቧ ብቻ ከሆነ የሰጪዎቹ የግብር ቅናሽ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ የጽሑፍ ስምምነት፣ በዙር የሚለቀቅ ክፍያና የወጪ ሪፖርት ግድ ነው። አገር ቤት ያለው ሰው «አያምኑንም» ብሎ የሚያዝንበት ወረቀት ከዚህ የመጣ ነው፤ ቀድሞ ቢነገረው ባላዘነ። ዓመታዊ ገቢያቸው ብዙውን ጊዜ ከ50 ሺህ ዶላር የማይበልጥ ትንንሽ ድርጅቶች ለአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በኢንተርኔት የሚሞሉት አጭር የ990 ቅጽ አለ፤ ደቂቃዎች ይበቁታል። ሆኖም ሦስት ዓመት በተከታታይ ካልተሞላ ከግብር ነፃነቱ በራሱ ይሰረዛል። በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የበጎ ፈቃደኞች ጥበቃ ሕግ ደመወዝ የሌለውን የቦርድ አባል ለተራ ቸልተኝነት ይከላከልለታል፤ ለከባድ ቸልተኝነት ግን አይደለም።

ታዲያ «እሺ» ከማለትዎ በፊት የሚጠይቁት ጥቂት ነው፦ የምዝገባ ምስክር ወረቀቱና መተዳደሪያ ደንቡ፣ ያለፉት ሁለት ዓመታት የኦዲት ሪፖርቶች ከነድክመት ደብዳቤያቸው፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ቃለ ጉባኤዎች፣ የባለፈው ወር የባንክ ማስታረቂያ፣ የጡረታና የግብር ደረሰኞች፣ የቦርዱና የሥራ አስኪያጁ የዝምድና ሁኔታ። ለዚህ አንድ ሳምንት ይስጧቸው። ወረቀቱ ከመጣ ይግቡ። «አላመንከንም ማለት ነው?» የሚል መልስ ከመጣ ግብዣውን በአክብሮት ይመልሱና ድርጅቱን በመዋጮ ይርዱ፤ ወይም በሙያዎ አንድ ቀን ያገልግሉ። እንደዚያም መርዳት ይቻላል።

መውጫውም እንደመግቢያው በጽሑፍ ነው። መሰብሰብ መተው መልቀቅ አይደለም፤ ስምዎ በባለሥልጣኑ ፋይል ውስጥ እስካለ ድረስ ፋይሉ እርስዎን ይቆጥራል። የመልቀቂያ ደብዳቤዎን ለሰብሳቢው ይስጡ፣ በግልባጩ ላይ ቀንና የተቀባይ ፊርማ ያስፈርሙ፣ መልቀቅዎ የጸደቀበትን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ይውሰዱ፣ ፈራሚ ከነበሩ ከባንኩ ስምዎ መውረዱን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጠይቁ፣ ለባለሥልጣኑ የቀረበውን የአባላት ለውጥ ማመልከቻም ግልባጭ ይያዙ። አራቱን ወረቀቶች ከቤት ካርታዎ ጋር በአንድ ክላሰር ያስቀምጧቸው።